የጥሪ ማሳመሪያ ስለሆነው የእትዬ ሸጊቱ ሙሾ

ለተከበራችሁ የነጻ እውቀት ማኅደር የፈቃድ አጣሪ ኮሚቴ አባላት፣

ባላችሁበት ጤናው ይብዛላችሁ፤ ቤታችሁ ይሙላ፤ ዓይናችሁም የደንብ አንቀጽ ከማንበብ አይድከም። እኔ በዳባት የአማርኛ መምህር፣ በትርፍ ጊዜዬም የአገሬን ቃል ግጥም በድምፅ እየቀዳሁ ለሁሉም እንዲደርስ በበይነ መረብ ማኅደራችሁ የማኖር በጎ ፈቃደኛ ስሆን፣ ስላደረጋችሁልኝ ሁሉ ላመሰግናችሁ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፦ እትዬ ሸጊቱ ልጃቸው ዋሴ ሳንቃ በር ከሚባለው አፋፍ ላይ ከነበቅሎው ገደል ገብቶ በሞተ ጊዜ ያወረዱትን ሙሾ፣ ለምኛቸው ደግመው ሲሉልኝ፣ "ለተማሪ ይሁን፤ ገበያ እንዳይወጣ ግን አደራ" ብለውኝ ነበር። በእኛ አገር በሰው ልቅሶ ላይ አልቃሽ ይከፈላት ይሆናል፤ እናት የልጇን ሙሾ ግን አትሸጥም። ስለዚህ "ለንግድ አይውልም" ብዬ ጽፌ አስገባሁት። እናንተም የማይሸጥ ነገር ነጻ አይባልም ብላችሁ በሦስተኛው ቀን አጠፋችሁት። ስለ ቅልጥፍናችሁ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ምክንያቱን በትዕግሥት አስረድታችሁኛል። የደባርቅ ፎቶ ኮፒ ቤት የሙሾውን ግጥም በወረቀት አባዝቶ ሸጦ ወጪውን ካልመለሰ እውቀቱ ስልክ የሌለው ተማሪ ዘንድ አይደርስም አላችሁኝ። እውነታችሁን ነው። እውነታችሁን ባይሆን ኖሮ ዛሬ በእናንተ ላይ ተናድጄ እፎይ እል ነበር።

ሦስተኛውን ባልጽፈው በወደድሁ። ቅጂው ሥር ስሜ ተጽፎ ማየት አምሮኝ ስለነበር፣ መሸጥም ይፈቀዳል ብዬ መልሼ አስገባሁት። ቅጹ የሙሾው ባለቤት ፈቅደዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ "አዎ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። የእትዬ ሸጊቱ ቤት ከትምህርት ቤታችን ቢጣሩ የሚሰማ ነው፤ አልጠየቅኋቸውም፤ እንቢ እንደሚሉ አውቅ ነበርና።

ከዚያ አንድ ድርጅት ሙሾውን ቆርጦ የስልክ ጥሪ ማሳመሪያ አድርጎ ሸጠው። እትዬ ሸጊቱ በጎረቤት ስልክ ደባርቅ ላለው እህል ነጋዴ ለሙባረክ ሲደውሉ፣ እሱ እስኪያነሣ ድረስ የገዛ ድምፃቸው ዋሴን ሲያለቅስ ሰሙ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ሙባረክ ነገሩን በሰማ ጊዜ ማሳመሪያውን አጥፍቶ፣ ዳባት ድረስ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። እሱ ያጠፋው ሳያውቅ ነው፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው።

አራተኛ፦ ቅጂውን አንሡልኝ ብዬ ብማጸናችሁ፣ አንዴ በነጻ የተሰጠ ፈቃድ እንደማይመለስ በትሕትና ገለጻችሁልኝ። የሙሾው ባለቤት የተናገሩትን እውነት ለማጥፋት ሦስት ቀን በቃችሁ፤ የእኔን ውሸት ግን ለዘላለም ታኖሩታላችሁ። ለልጅ ልጅ እንዲህ የሚያስብ ኮሚቴ ይባረክ።

የእትዬ ሸጊቱን አደራ የበላሁት፣ በደጃቸው ማለፍ ትቼ በጓሮ የምዞረው፣ የዘወትር አክባሪያችሁ

መምህር ሰይፈ ሥላሴ
ዳባት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ እትዬ ሸጊቱ ማን ሸጠብኝ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ኮሚቴው ነው አልኋቸው። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧትና ማታ እናንተን ይረግማሉ። እሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ፣ እኔም ፊት ለፊት ለመናገር ወኔ ስለከዳኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ሕሩይ ይህን ደብዳቤ ያነቡላቸዋል። እስከዚያ ድረስ የእኔን እርግማን ስለተቀበላችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።