ሥጋ እምቢ ስላለው የእማማ ትርንጎ ውሻ

መጋቢት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ይግዛው፣ የከተማችን ጽዳት አስከባሪ ሹም፤

ከሁሉ አስቀድመን የክቡርነትዎን ጤና፣ የእመቤቲቱን የወይዘሮ ጌጥነሽን ደኅንነት፣ የበቅሎዎንም ድሎት እንጠይቃለን። እኛ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ከተማችን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የወደቁ ውሾችንና ድመቶችን በተራ የምናበላ ማኅበርተኞች፣ ባለፈው ረቡዕ ሥጋ እስኪልኩልን ድረስ እጅግ ደኅና ነበርን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ምስጋናችንን በየተራ እናቀርብ ዘንድ ይፈቀድልን።

አንደኛ፣ በሁዳዴ፣ ያውም በረቡዕ ቀን፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ በሽሮ አንጀቱ በተቃጠለበት ሰዓት፣ በደጀ ሰላሙ ዙሪያ ጥሬ ሥጋ ስላስበተኑልን እናመሰግናለን። እንዲህ ያለ ቸርነት አባቶቻችንም አላዩም። መርዝ እንዳለበት ያወቅነው ውሾቹን ከዋርካው ሥር ተዘርረው ስናገኛቸው ነው። ደማቸው ደመ ከልብ ሆኖ ቀርቷል፤ ድሮም ከልብ ናቸውና በዚህ አንከስዎትም።

ሁለተኛ፣ ባለቤት የሌለው ውሻ ይገደል የሚለው ትእዛዝዎ ስለ ውሾች ብቻ ሲናገር ድመቶቹንም ስለጨመሩልን። ውሻ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር እንደማያልፍ እኛም እናውቃለን፣ ውሾቹም ያውቁ ነበር፤ ስናበላቸው የኖርነው ከበር ውጭ ነው። ድመቶቹ ግን የዕቃ ቤቱ ዘበኞች ነበሩ። አሁን አይጦቹ የመሪጌታ ገብረ ማርያምን ካባ ከጫፉ ጀምረውታል፤ መሪጌታም በየማለዳው ስምዎን እያነሱ ይጸልያሉ፣ ምን ብለው እንደሆነ ግን አልነገሩንም።

ሦስተኛ፣ ባለቤት የሌለው ውሻ ዋስ ይጠራለት ብለው ስላወጁ። ጠርተን ነበር እኮ! የጨው ነጋዴው ጋሽ ዘይኑዲን፣ ውሻ ቢልሳቸው ሰባት ጊዜ የሚታጠቡ ሰው፣ ስለ ጉርብትና ብለው በሩ ላይ ስለሚተኛ ባለቤት የለውም ለተባለው ለእማማ ትርንጎ ውሻ ዋስ ልሁን ሲሉ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጡ። እስላም ለቤተ ክርስቲያን ውሻ ዋስ አይሆንም ብለው መለሷቸው። ውሻው ክርስትና መነሣቱን የሰማነው ያን ጊዜ ከእርስዎ ነው፤ እንኳን ለጥምቀት አበቃው ብለናል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እማማ ትርንጎ ዐይነ ስውር ናቸው፤ ዘመድም የላቸውም። ከወንዙ ማዶ ካለችው ጎጆአቸው ተነሥተው ኪዳን የሚያደርሱት ዳማ የተባለው ይኸው ውሻ በገመድ እየመራቸው ነው፤ እሳቸው ሲገቡ እሱ በር ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ያን ረቡዕ ሥጋ ሸተታቸው። መርዝ መሆኑን በምን ይወቁት? በሁዳዴ ሥጋ ይዞ የመጣ ከሐዲ ያለ መሰላቸው፤ ዳማም ወደ ሽታው ሲስብ፣ አንተም ልትገድፍ ነው ወይ ብለው ተቆጡና በዘንጋቸው እየመቱ ወደ ቤት ጎተቱት። የተረፈው እንዲህ ነው።

እርስዎ ደግሞ ሥጋ እምቢ ያለ ውሻ ጤነኛ አይደለም፣ አብዷል ብለው በፊታችን ሐሙስ በጥይት እንዲገደል ፈረዱ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ፍርድ ከሄድንማ ከተማው በሙሉ ሥጋ እምቢ ካለ ሁለት ሳምንት ሞላው፤ ጥይቱ ይበቃ ይሆን?

ኧረ ስለ ፈጣሪ! ቀልዱን እንተወውና፣ አንጀታችን አርሯል። የሞቱትን ቆፍረን ቀብረናል። ይህን አንዱን ግን ለእማማ ትርንጎ ይተዉላቸው። ዳማ ማንንም ነክሶ አያውቅም፣ እሳቸውም ከእሱ ሌላ ዐይን የላቸውም።

ለውሻ ጎንበስ ብለን ማጉረስ፣ ለሹም ደግሞ ጎንበስ ብለን እጅ መንሳት የለመድን፣ ወገባችን እስኪቀና ድረስ ትሑት አገልጋዮችዎ፤

ስለ ማኅበርተኞቹ፣ አላምረው እሸቴ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለእማማ ትርንጎ ብናነብላቸው፣ ሹሙን አታስቀይሙብኝ ብለው አንድ ነገር ብቻ አስለመኑን፤ ሐሙስ ዕለት ዳማ ኪዳን ሳያደርሳቸው እንዳይገደል፣ ከኪዳን በኋላ ይሁንልኝ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ ቤታቸው ማን እንደሚመልሳቸው አላሰቡበትም። እኛ ልንነግራቸው አፍረናል፤ ክቡርነትዎ ሐሙስ በሩ ላይ ሲገኙ ይንገሯቸው።