የጅማ ጸሐፊዎች ታይፒስት፣ የወይዘሮ ጊፍቲ ኩመራ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጊፍቲ ኩመራ ከአባታቸው ከአቶ ኩመራ ዳባና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቂ ቶላ በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. በጅማ አቅራቢያ በምትገኘው ደዶ ተወለዱ። አባታቸው ገበሬ ነበሩ። ማንበብ ባይችሉም፣ ከከተማ የመጣ ወረቀት ሁሉ በልጃቸው ሳይነበብላቸው የጣት አሻራቸውን አያሳርፉበትም ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በደዶ፣ ሁለተኛ ደረጃን በጅማ ተከታትለው በ1967 ዓ.ም. አጠናቀቁ። የጽሕፈት መኪና ትምህርት ወስደውም በአንድ የቡና ግዢ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። አለቆቻቸው የተጣመመ ዐረፍተ ነገር ሲሰጧቸው አቃንተው ይመልሱ እንደነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው ዛሬም ያወሳሉ።

በ1972 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ተመድበው ከመጡት የአማርኛ መምህር ከአቶ ዓለምብርሃን ጎሳዬ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ጽዮናዊትንና ዳባን ወለዱ።

መምህር ዓለምብርሃን ዘጠኝ ዓመት የደከሙበት አንድ ልብ ወለድ ነበራቸው። ወይዘሮ ጊፍቲ ከሥራ መልስ ጥቂት ጥቂት እየመቱ በ1981 ዓ.ም. ጨረሱት። በዚያ ሰሞን ተጨማሪ ቅጂ የሚያወጣው ካርቦን ወረቀት ከጅማ ጠፍቶ ነበር። ባለቤታቸው፣ «እስኪገኝ እንቆይ» ቢሉ እሳቸው፣ «ዘጠኝ ዓመት ቆየን እኮ!» ብለው በአንድ ቅጂ ብቻ መቱት። የእጅ ጽሑፉንም ለማመሳከሪያ ይሆናል ብለው አብረው አዲስ አበባ ላለ አሳታሚ ላኩት። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ አሳታሚው ቢሮ ሲቀይር ሁለቱም እንደጠፉ ተነገራቸው።

ወይዘሮ ጊፍቲ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» እያሉ እህል አልቀምስ አሉ። መምህሩ፣ «ጊፍቲዬ፣ አንቺ ቃል በቃል አንብበሽዋል። አንድ አንባቢማ አግኝቷል» ብለው እንዳጽናኗቸው ልጆቻቸው ያስታውሳሉ። ሆኖም መምህሩ በ1994 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሌላ ልብ ወለድ አልጻፉም። ወይዘሮ ጊፍቲም፣ «እንደገና ጻፈው ብዬ አለመለመኔ ይቆጨኛል» ይሉ ነበር።

መሥሪያ ቤታቸው በ1985 ዓ.ም. ሲዘጋ በጅማው ሄርማታ መርካቶ፣ በጨርቅ ሱቆች መካከል፣ የጽሕፈት አገልግሎት ከፈቱ። ማመልከቻና የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሊያስመቱ የመጡ ሰዎች ቀስ በቀስ ግጥምና ልብ ወለድም ይዘው ይመጡ ጀመር። ወጣቶቹ እንደ እናት አክብረው በአፋን ኦሮሞ «አዴ ጊፍቲ» ይሏቸው ነበር። አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ፣ የመጣላቸውን ጽሑፍ አንብበው የት ላይ እንደሰለቻቸው ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር። ለየትኛው አሳታሚ እንደሚስማማ ያመላክቱ፣ አጭር መግለጫውንና ደብዳቤውን አብረው ያዘጋጁ ነበር። አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን ጽሑፍ የትም እንዲላክ ፈቅደው አያውቁም። ሥራው ተመልሶበት አንገቱን ለደፋ ሰው፣ «የመለሱት ወረቀቱን ነው፤ አንተን አይደለም። ሦስት ወር አስቀምጠውና እንደ ባዕድ ሆነህ አንብበው» ይሉት ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ዙህራ አብዱልሰመድ የተባለች የዚያው የሄርማታ መርካቶ ነጋዴ ልጅ አጫጭር ታሪኮቿን ይዛ መጣች። ሦስት አሳታሚዎች መለሱባት። አራተኛው ግን ውል ላከላትና፣ «አልሐምዱሊላህ! አዴ፣ ልፈርም ነው!» እያለች እየሮጠች ሱቁ ገባች። ወይዘሮ ጊፍቲ፣ «ውል በመጣበት ቀን አይፈረምም፣ ልጄ» ብለው ወረቀቱን ተቀበሏት። ደጋግመው ሲያነቡት ይህ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ወደፊት የምትጽፈውም ሁሉ የአሳታሚው ይሆናል የሚል አንቀጽ አገኙ።

በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዙህራ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረው አዲስ አበባ ሄዱ። አሳታሚው፣ «እርስዎ ምኗ ነዎት?» ቢላቸው፣ «ታይፒስቷ ነኝ። እያንዳንዱን ቃል ስለመታሁት፣ ምን እየወሰዱባት እንደሆነ አውቃለሁ» አሉት። አንቀጹን አልሰርዝም አለ። ሳይፈረም ተመለሱ። ዙህራ ስታለቅስ ቆይታ ግቤ ወንዝ ሲደርሱ ትከሻቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እሳቸው ግን ዓይናቸውን አልከደኑም። ለእኔ ለእህታቸው ልጅ በኋላ እንደነገሩኝ፣ «ሁለተኛ መጽሐፍ አጠፋሁ ይሆን?» እያሉ ጅማ ደረሱ።

ሁለት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ዙህራ ታሪኮቿን እያሻሻለች፣ እሳቸውም አዳዲስ አድራሻ እያፈላለጉ ይልኩ ነበር። በ2012 ዓ.ም. አንድ ሌላ አሳታሚ በቅን ውል ተቀብሎ አሳተመላት። የመጀመሪያው ቅጂ በእጃቸው የገባ ቀን ወይዘሮ ጊፍቲ የሱቃቸውን በር በቀትር ዘግተው፣ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ሳይነሱ አነበቡት። የጎረቤት ነጋዴዎች አሟቸው ይሆናል ብለው በሩን ቢያንኳኩ፣ «ደህና ነኝ፤ እያነበብኩ ነው» አሏቸው።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በስኳር ሕመም ምክንያት የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ ስለመጣ በተከታዩ ዓመት ሥራቸውን አቁመው በጅማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ተቀመጡ። ዙህራ በየቅዳሜው እየመጣች ሁለተኛ መጽሐፏን ታነብላቸው ነበር። ሊያርፉ አምስት ቀን ሲቀራቸው እንኳ፣ «እዚያ ጋ አራት ነጥብ አድርጊና ተንፍሺ፤ አንባቢውም ይተንፍስ» ብለዋታል።

ወይዘሮ ጊፍቲ በቤታቸውና በሆስፒታል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ጽዮናዊትን፣ ዳባንና ዙህራን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ አንድ እህትና አንድ ወንድም ትተዋል። «ዙህራንም ከልጆቼ ጋር ጻፏት» ብለው አደራ ስለሰጡን፣ ስሟ ከጽዮናዊትና ከዳባ ቀጥሎ ሰፍሯል።

ለሰው ጽሑፍ የደከሙ ዓይኖቻቸውን የፈጠራቸው አምላክ በብርሃኑ ያሳርፍልን። ለእኛም ለቀረነው መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።