በእኔ ታርጋ የሚሄደው መኪና

ሆሳዕና፣ ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ፣

ስለ እኔ የሰማሽው ልክ አይደለም። ወሬው እናንተ ዘንድ፣ ዳምቦያ ገበያ ድረስ መድረሱን ጎረቤቴ ርብቃ ነግራኛለችና ከሰላምታው በፊት ላርመው። ሰው ገጭቼ አላመለጥኩም። መኪናዬንም ግቢ ውስጥ በሸራ ሸፍኜ አልደበቅኋትም፤ ሸራው ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ ከፀሐይ የሚከልላት ነው፤ ሰፈሩ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያየው ኖሯል። ከቤተ ክርስቲያንም አልታገድኩም። ሽማግሌዎቹ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የሰንበት ትምህርቱን ለሌላ ሰው እንድተው ጠየቁኝ፤ ተውኩ። መታገድና መተው አንድ አይደሉም፤ የሚያወራው ሰው ልዩነቱን ይወቅ።

አሁን ሰላም ልበልሽ። ጌታ በቸርነቱ እንዴት አቆየሽ? ጉልበትሽ የሰሞኑን ብርድ እንዴት ቻለው? ለገና የሚሰፋው ልብስ እንደ አምናው ተደራርቦብሽ ይሆናል፤ ዓይንሽን አታድክሚው። እኔ የደም ግፊቴ ከፍ ብሏል እንጂ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ነገር ግን ስልክሽን ሁልጊዜ የምታነሺው አንቺ አይደለሽም። ርብቃ ዛሬ ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ብቻሽን አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ቦሎ ላሳድስ የሄድኩ ዕለት ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ማራኪ አራተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። ኮምፒውተሩን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቲቸር፣ ያልተከፈለ ዘጠኝ ቅጣት አለብዎት" አለችኝ። ቁጥሩን እንደገና እንድታነብ አዘዝኳት። አነበበች፤ የእኔው ታርጋ ነው። ዱራሜ ላይ ትርፍ ሰው መጫን፣ አንጋጫ ላይ ክልክል ቦታ መቆም፣ አራቱ ደግሞ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ መንዳት። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ባለባጃጅ፣ "እማማ፣ ውድድር ላይ ነበሩ እንዴ?" ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። እኔ ወደ ሞርሲቶ ስነዳ የፈረስ ጋሪ እንደሚቀድመኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ዞር ብዬ፣ "ሸሚዝህን ቆልፍ" አልኩት። ቆለፈ።

ቅጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር። ማራኪ ቦሎውን ልትሰጠኝ ያልቻለችው ከቅጣቶቹ ሁሉ በታች አንድ ሌላ ነገር ስለተመዘገበ ነው። ኅዳር 1 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ከከተማው ወደ ሌሞ መውጫ ላይ፣ በእኔ ታርጋ የሚሄድ ነጭ መኪና ብሩ የሚባል ባለጋሪ ገጭቶ ሄዷል።

ጉዳዩን የያዘው ሳጅን መልካሙ ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው። በዚያ ሰዓት መኪናዬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ፣ እኔ ውስጥ ሳስተምር ያየኝ ሰው ብዙ ስለሆነ ምስክር አላጣሁም። አመነኝ። "ቲቸር፣ አንድ ሰው የእርስዎን ታርጋ አስመስሎ አሠርቶ ለሌላ መኪና ለጥፎታል፤ መኪናው ያለ ወረቀት የገባ ሳይሆን አይቀርም" አለኝ። ይህንኑ ገልጬ አቤቱታ ከፈረምኩ መኪናውና ነጂው በየኬላው ይፈለጋሉ። ካልፈረምኩ ግን ቅጣቱም፣ የብሩም ጉዳት በእኔ ስም እንደተመዘገበ ይቆያል። ነገ ሦስት ሰዓት የመጨረሻ ቀጠሮዬ ነው።

ትናንት ለመፈረም ብዕሬን አውጥቼ ነበር። ለምን እንዳልፈረምኩ ልንገርሽ።

መልካሙ ከመዝገቡ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። በጥቅምት ወር ዱራሜ ላይ ትራፊክ ያንን መኪና አስቁሞት ነበር። ነጂው የሊብሬ ቅጂ ሰጠው፤ ትራፊኩ ስልክ ሊደውል ዞር ሲል ወረቀቱን እጁ ላይ ትቶበት ነድቶ ሄደ። ቅጂው የእኔ ሊብሬ ነው። ታውቂያለሽ፣ እኔ ሳልጽፍበት ከእጄ የሚወጣ ቅጂ የለም። የሚሲዮኗ አስተማሪያችን ናት ያስለመደችኝ፤ ከላይ በቀኝ ጥግ፣ በቀይ ብዕር፣ ለማን፣ ለምን፣ መቼ። የዚህኛው ቀኝ ጥግ የለም። ተቆርጧል። አቆራረጡ የምላጭ አይደለም፣ በእጅም አልተቀደደም። ጨርቅ እንዳይተረተር ጠርዙ በባለጥርስ መቀስ እንደሚቆረጠው ጥርስ ጥርስ ነው፤ ጥርሶቹም እኩል ናቸው። የለመደ እጅ ነው።

ሊብሬው በስሜ ከተዛወረ ወዲህ ቅጂ የሰጠሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አምና፣ "ሆሴዕ ሾፌርነት ሊቀጠር ነው፣ ንብረት ያለው ዋስ አምጣ አሉት" ብለሽ እያለቀስሽ የመጣሽ ቀን። ለእህት ልጅ ዋስ አልሆንም ማለት በእኛ ዘንድ ሥጋን መካድ ነው። የሚቀጥረው ማን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ሰጠሁሽ። የሰውን ነጠላ ሰረዝ ሳላርም የማላልፍ ሰው ይህን አለፍኩ። ያ የእኔ ስሕተት ነው፤ በእኔ ስም ይጻፍ።

መልካሙ፣ "ቅጂውን ለማን እንደሰጡት ያስታውሳሉ?" አለኝ። ረቡዕ እመልስልዎታለሁ አልኩት። በሰባ አራት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ጥያቄ ሳልመልስ ከክፍል ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ሄጄ ብሩን አየሁት። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ፈረሱ እዚያው መንገድ ላይ ሞቷል። ሚስቱ ማንነቴን ስታውቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ ግን እጄን ይዞ በሀዲይኛ፣ "እናቴ፣ አንቺ አይደለሽም፤ ወንድ ነው የነዳው" አለኝ። ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ አጠገቡ በርከክ ብሎ ነበር። "አይዞህ፣ ሰው እጠራልሃለሁ" ብሎት ተመልሶ ገባ፤ ሄደ። የተጠራ ሰው አልመጣም። ብሩ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ፤ "ሀዲይኛ ይናገራል፤ ግን ከእናቱ ብቻ የለመደው የቤት ሀዲይኛ ነው፣ ከምባትኛ ይነካካዋል" አለኝ። ሚስቱ ከግድግዳው ሳትዞር፣ "እናቱስ ታውቅ ይሆን?" አለች። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያት ነበር?

እህቴ፣ ሆሴዕ እኔ ዘንድ ሰባት ዓመት ተምሯል። የቤት ሥራውን ገጽ ቀድጄ እንደገና ጻፍ ስለው፣ ቅዳሜ ወደ አንቺ ይመጣና ሰኞ ንጹሕ ገጽ ይዞልኝ ይመለስ ነበር። የእጅ ጽሑፍሽን አውቀው ነበር። አራሚ ነኝ ስል አንድም ቀን አላረምኳችሁም። በሌላ በኩል ደግሞ ልጆች ሳለን ጥልፍሽን ስንት ጊዜ ፈትቼ እንዳስለቀስኩሽ አልረሳሁትም። ሰው እውነቱን ይዞ ወደ እኔ ለመምጣት የሚፈራው ለዚህ እንደሆነ ሰሞኑን ሳስበው ሰንብቻለሁ። አዎን፣ እቆጣ ነበር። ከቁጣዬ በኋላ ግን በሬን ዘግቼ አላውቅም።

መልካሙን አንድ ነገር ብቻ ጠይቄዋለሁ። በእግሩ የመጣ ሰውና ተይዞ የመጣ ሰው በፍርድ ቤት ፊት እኩል ይታያሉ ወይ አልኩት። አይታዩም አለኝ። የማንንም ስም አላነሣሁም፤ ጥጉን የቆረጠውን እጅም እንዲሁ። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ አላነሣም።

የአባታችን አምላክ ቤትሽን ይጠብቅ። ልብሽን ያጽና፣ እግርሽንም ያበርታ፤ ነገ መንገድ አለብሽና። የልጅ ልጆችሽን በእኔ ስም ሳሚልኝ። ለእነሱ ምንም አትንገሪያቸው።

ነገ ይህን አደርጋለሁ። መጀመሪያ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የግቢዬን በር እከፍታለሁ፤ ከዳምቦያ የሚነሣው የመጀመሪያው መኪና በጊዜ ይደርሳል። ቀጥሎ ለሦስት ሰው ቁርስ አቀርባለሁ። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያው በእግሬ እሄዳለሁ፤ ቦሎ የሌላት መኪና አልነዳም። ሰው ከመጣ ከሰው ጋር፣ ካልመጣ ብቻዬን። ሦስት ሰዓት ላይ እፈርማለሁ፤ ለተጠየቅሁትም እመልሳለሁ።

ታላቅ እህትሽ