በአንድ በኩል ብቻ ስለተዘጋው ድልድይ

ለተከበሩ የወንዝ ዳር መናፈሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እግርዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ይህችን ደብዳቤ የሚያነቡበት ዓይንዎ ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከወንዙ ወዲህ የምኖር ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ላደረጉልን ሁሉ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እንዳልባል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

አንደኛ፣ አሮጌው የእግር ድልድይ አደገኛ ሆኗል ተብሎ መዘጋቱ ያስመሰግንዎታል። በእኛ በኩል የቆመው የብረት በር እጅግ ያምራል፤ ቁልፉም ትልቅ ነው። በወዲያኛው ጫፍ ግን በር ማቆም ተረስቷል መሰለኝ፣ ሰው እንደ ልቡ ይገባል። ስለዚህም ማዶ የምትኖረው እናቴ እንደ ልማዷ እኔን ብላ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ አደገኛውን ድልድይ ከዳር እስከ ዳር ከተሻገረች በኋላ ደኅናውን መሬት ልትረግጥ ስትል በሩ ይመልሳታል። በብረቱ መካከል እጄን ስማ፣ በዚያው በሚንቀጠቀጥ እንጨት ላይ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ነገሩ ሰውን ያስቃል፤ እኔን ግን ጀርባዋን እያየሁ ያስለቅሰኛል።

ሁለተኛ፣ ውኃው ዳር ያስተከሉት «ዓሣ መመገብ ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎታል። ግማሹ ለዓሣ ዳቦ አትወርውሩ ማለት ነው ሲል፣ ግማሹ ዓሣ አትብሉ ማለት ነው ብሎ ከመጥበሻው ጋር ተቆራርጧል። ጎረቤቴ ዓሣ ሻጩም ከዚያ ወዲህ እርስዎን በስም እየጠራ ያመሰግናል፤ ቃላቱን እዚህ ለመጻፍ ግን አፍራለሁ። ዓሣ አዳኟ ወፍ ብቻ ማስታወቂያው ላይ ቁጭ ብላ ያለ ስጋት ትመገባለች።

ሦስተኛ፣ በመናፈሻው ጦጣዎች ላይ ቅሬታ የለኝም። በሩን እየዘለሉ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እናቴ ግን በዚህ ዕድሜዋ ዝላይ ልማር ብትል ልጆቿ አንፈቅድላትም።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሳይሞላ ድልድዩን አስጠግነው በሩን ይክፈቱልን። እናቴን አትምጪ ብላት እሺ አትለኝም፤ እንጨቱ ደግሞ ከእሷ ይልቅ አርጅቷል።

እስከ ጉልበትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ከበሩ ወዲህ የቀረሁት፣ የእናቴ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ትናንት ብረቱን ተደግፋ መርቃዎታለች። «እሱ እኔን በር ላይ እንዳቆየኝ፣ እግዜር ደግሞ እሱን ያቆየው» ብላለች። እኔም አሜን ብያለሁ።