ለሩኔ ነግሬዋለሁ

ሴፕቴምበር 4
ልምምድ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የቆዳዋ ኳስ ውሃ ጠጥታ ድንጋይ ሆናለች። ተከላካያችንን ሩኔን መቶ ቴስታ አስመታሁት። ግንባሩ ቀላ።
"አሰልጣኝ፣ ስኮትላንድም እንዲህ ያሰቃዩዎት ነበር?"
"እኛማ ሁለት መቶ ነበር። ዝም ብለህ ምታ!"
ሳቅን። ራት የጨው ዓሣ በድንች። ሚስቴ ጉንቮር እሱን ስትሠራ የሚያህላት የለም።

ሴፕቴምበር 13
ከሜዳ ስመለስ አንድ በር ላይ ቆሜ ከቁልፉ ጋር ስታገል የማላውቃት ሴት ከፈተችልኝ። የድሮው ቤታችን ነው... ከለቀቅነው ስድስት ዓመት ሆኖናል። "ሐሳብ ይዞኝ ነው" አልኳት። ለጉንቮር አልነገርኳትም።

ሴፕቴምበር 20
ከግላስጎ ደብዳቤ። ከኤፊ፣ ከዱጋል ሚስት። እኔና ዱጋል ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተከላካይ ነበርን። ሆስፒታል ገብቷል። ኤፊን "አንቺ ማነሽ?" ይላታል። ሐኪሙ ምን ቢጠይቃት ጥሩ ነው... "ኳስ በጭንቅላቱ ብዙ ይመታ ነበር?"
ዱጋል ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ ሃምሳ አንድ።

ሴፕቴምበር 22
ከዛሬ ጀምሮ ቴስታ ልምምድ የለም አልኳቸው። የክለቡ ሊቀመንበር ያልማር እየሮጠ መጣ።
"ምን ነካህ ሙርዶ? ከስኮትላንድ ድረስ ያስመጣንህ ለዚሁ አይደል እንዴ?"
"ጭንቅላት ይጎዳል።"
"አንተ ይኸው ደህና ነህ አይደል እንዴ!"
ኳሶቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ኦክቶበር 1
3 ለ 0 ተሸነፍን። ሦስቱም ከማዕዘን ምት፣ ሦስቱም በቴስታ። ሩኔ ዓይኔን ማየት አልፈለገም።

ኦክቶበር 2
ለጉንቮር ሁሉንም ነገርኳት፣ የድሮውን ቤት በር ጭምር። ዕቃ እያጠበች ነበር፤ እጇን ሳታደርቅ ቁጭ አለች።
"ለያልማር ንገረው። ነገውኑ።"
"ከነገርኩት ሥራዬ አበቃ።"
"ካልነገርከውስ? ሩኔም እንዳንተ ቢሆንስ?"

ኦክቶበር 3
ነገርኩት። "አዝናለሁ" ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ስልክ ሲያነሳ ሰማሁት። "ሌላ አሰልጣኝ ፈልጉ..."

ኦክቶበር 19
ሜዳው ጋ ሄድኩ። አዲሱ አሰልጣኝ እንደ ድሮው ቴስታ ያስመታቸዋል። ሩኔን አጥሩ ጋ ጠራሁት። ስለ ዱጋል፣ ስለ ራሴ፣ ሳላስቀር ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።
"አሰልጣኝ... እርስዎ ትናንትም ነግረውኛል። ከትናንት በስቲያም።"
ትናንት? ትናንት ከቤት መቼ ወጣሁ?
"ታዲያ ቴስታውን ለምን አትተወውም?"
"ከተውኩት አያሰልፉኝም።"
ክንዴን ይዞ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ከዚያ ወደ ልምምዱ ሮጠ።
ለሩኔ ነግሬዋለሁ። ነገ ተመልሼ እንዳልሄድ ጻፍኩት።
ግን ካልሄድኩ... ማን ይነግረዋል?