የአቶ ቨርነን ስቴንሩድ ኅልፈትና ትክክለኛው የአየር ግፊት

በሞንታና የኮልተር ቤንች የጠብመንጃ ተኳሾች ማኅበር የወጣቶች ክፍል፣ የማኅበሩ የስሌት ኃላፊ አቶ ቨርነን ስቴንሩድ ባለፈው ማክሰኞ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው።

አቶ ቨርነን በእህል ጎተራ አርባ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ኮምፒውተር የነኩት በሰባ አራት ዓመታቸው ቢሆንም፣ የጥይትን መንገድ የሚያሰላውን ፕሮግራም በአንድ ክረምት ጨርሰው ተምረዋል። ሌሎች የማኅበሩ አዛውንት አባቶቻችን በዚያው ክረምት የይለፍ ቃላቸውን እየፈለጉ ነበር።

ፕሮግራሙን መጠቀም በጀመርንበት ዓመት ጥይታችን ሁሉ አንድ ሺህ ያርድ ላይ ከተሰቀለው የብረት ዒላማ በአንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፍ ነበር። አባቶች የጠብመንጃ በርሜል ቀየሩ፤ የማነጣጠሪያ መነጽር ቀየሩ። ሊቀመንበራችን አቶ ዶይል ራስሙሰን «ነፋሱ ነው» ሲሉ አቶ ቨርነን «ዶይል፣ ነፋስ ወደ ጎን ነው የሚገፋው። አንተ ግን ወደ ሰማይ እየተኮስክ ዳክዬ ነው የምታድነው!» ብለዋቸዋል።

በቀጣዩ ዓመት አቶ ቨርነን ምክንያቱን ደረሱበት። ከአውሮፕላን ማረፊያው በራዲዮ የምንሰማው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ልክ የተስተካከለ ነበር። እኛ ያለነው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ግን ባሕር ጠረፍ ቆመን በወፍራም አየር ውስጥ የምንተኩስ መስሎት ከፍ አድርገን እንድናነጣጥር ይነግረን ነበር። አቶ ቨርነን ከወጥ ቤታቸው ባሮሜትር በየማለዳው የመዘገቡበትን የአርባ ዓመት ደብተር ገለጡ፤ የራዲዮው ቁጥር አንድም ቀን እዚያ ውስጥ አልነበረም።

አባል ሲሞት አንድ ጥይት ይተኮሳል። ጥይቱ መትቶት ዒላማው ከጮኸ የሟቹ ስም በሜዳችን ምሰሶ ላይ ይቀረጻል፤ ካልጮኸ ቀረ፤ ሁለተኛ ጥይት የለም። ካለፉት ዘጠኝ አባላት የተቀረጹት ሦስት ብቻ ናቸው። አቶ ቨርነን ተኳሻቸውን ራሳቸው መርጠው ነበር፤ የሰባ ዘጠኝ ዓመቷን ባለቤታቸውን ወይዘሮ አርሊስን።

ቅዳሜ ከቀብር በኋላ ወይዘሮ አርሊስ ባሮሜትሩን ከግድግዳ አውርደው፣ ታቅፈው ወደ ሜዳችን መጡ። አቶ ዶይል ያን ሁሉ ሰምተውም እንደ ልማዳቸው ራዲዮውን ሲከፍቱ «ዝጋልኝ እሱን፣ ዶይል! ዛሬ እንኳ ባለንበት ምድር ላይ ሆነን እንተኩስ» አሏቸው። የባሮሜትሩን ቁጥር አስገቡ፤ ፕሮግራሙ ባላቸው ልክ መነጽሩን አስተካከሉ፤ ተኮሱ።

ጥይቱ ደርሶ ድምፁ እስኪመለስ ከአራት ሰከንድ በላይ ይፈጃል። አባቶች ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆጠሩ። አራት ካሉ በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት ማዶ፣ የድስት ክዳን የሚያክለው ብረት ጮኸ። 

ለወይዘሮ አርሊስ፣ ለልጆቻቸውና ለማኅበሩ አባላት በሙሉ መጽናናትን እንመኛለን። የአቶ ቨርነን ስም ተቀርጿል። ከሥሩም አቶ ዶይል የዕለቱን የአየር ግፊት በገዛ እጃቸው ቀርጸዋል፤ የባሮሜትሩን።