መርከብ ያልተቆጠረላት መንደር

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ክሌይቶ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? ባለቤትዎ ባኪስስ፣ ልጆቹስ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ከአንድ ሐሳብ በቀር ደህና ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን በኮረብታው ሥር ያለው የወይራ መሬት የእኛ ነው ብለው ተነሥተዋል። የልጄ የሚካ ወይራ የበቀለው እዚያው ላይ ነው። ከሌላ ደሴት የመጡት ዳኞች ምስክራችን ዜማው ነው ብለዋል፤ ለትሮይ ጦርነት መርከብ ያዘመተች መንደር ባለ ርስት፣ ያላዘመተች መጤ ናት። በወይን በዓል ለትሮይ የዘመቱትን መርከቦች በየመንደራቸው እየቆጠርኩ የማዜመው ደግሞ እኔ ነኝ። ከአባታችን በተቀበልኩት ዜማ ውስጥ የእነሱ መርከቦች አሉ፤ የእኛ መንደር ስም ግን የለም።

ሽማግሌው ላምፖን ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «አንተ ግትር፣ ሁለት መርከብ ብትጨምር ባሕሩ ይጠባል?» አለኝ። «ባሕሩስ አይጠብም፤ የሚጠበው የአባቴ መቃብር ነው» አልኩት። «አባትህ ራሱ ሁለቱን መርከቦች ያዜማቸው ነበር፤ አንተ ሕፃን ስለነበርክ እንቅልፍ ይጥልህ ነበር» ብሎ ስቆብኝ ሄደ። ሚካም፣ «አባዬ፣ ለሞቱት ብለህ በቁም ያለነውን ልታፈናቅል ነው?» ካለችኝ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም።

የሚካን ቁጣ እችለዋለሁ። የላምፖን ቃል ግን እረፍት ነሣኝ። አልጨምርም ማለት ቀላል ነው፤ ረስቼው ከሆነስ? ክራሬን አንሥቼ የጎረቤቶቻችን መርከቦች የሚቆጠሩበት ስንኝ ላይ ስደርስ ከመጀመሪያው ደግሜ እጀምራለሁ።

አባታችን ሲያዜም እርስዎ ትልቅ ልጅ ነበሩ፤ ከእናታችን ጎን ሆነው ይሰሙ ነበር። በዜማው የአንድ መንደር ስም ሲጠራ የዚያ መንደር ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወይን መሬት ላይ ያፈሳል። እናታችን ተነሥታ ታውቃለች? ለእኔም ለሚካም ሳያዝኑ እውነቱን ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልዎ መርከበኛ ይላኩልኝ። ከበዓሉ በፊት ካልደረሰ እንደማውቀው አዜማለሁ። እኔ የማስታውሰው በእናታችን ጭን ላይ መተኛቴን ነው። ተነሥታ ቢሆን እነቃ ነበር። እነቃ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ለባኪስ እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። ሚካ ሰላም ብላችኋለች ብዬ እንዳልጽፍ፣ አላለችም።

ታናሽ ወንድምዎ ኤርጊኖስ
ኤቦያ ደሴት፣ ወይኑ መቅላት በጀመረበት ወር፣ ጨረቃ በወጣች ማግስት